ውሻ ከመንገድ መሪነት ወደ ልጆች ጠባቂነት እንዴት እንደ ተሻገረ

በእኛ አገር የውሻ ሥራ የታወቀ ነው፤ ሌሊት ደጅ ይጠብቃል፥ በገጠርም ከእረኛ ጋር ይውላል። ከሕፃን አልጋ አጠገብ ይተኛ ቢባል ብዙ እናቶቻችን በዱላ የሚያባርሩት ይመስለኛል። በሌላው ዓለም ግን ለዚሁ ሥራ የሚሠለጥን ውሻ አለ፤ እርሱም ኦቲዝም ያላቸውን ልጆችና ቤተ ሰቦቻቸውን የሚረዳው ነው።

የነገሩ መነሻ ጦርነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ የጀርመን ወታደሮች ዓይናቸው ስለ ጠፋ፥ ዶክተር ጌርሃርድ ሽታሊንግ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1916 ዓ.ም. በኦልደንቡርግ ከተማ የመሪ ውሾች ማሠልጠኛ ከፈቱ። (የሚከተሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በስዊስ አገር ይኖሩ የነበሩት አሜሪካዊት ወይዘሮ ዶሮቲ ዩስቲስ በ1927 ስለዚህ ሥራ በመጽሔት ጻፉ። ጽሑፉን ለዓይነ ስውሩ ወጣት ለሞሪስ ፍራንክ አባቱ አነበቡለት፤ እርሱም ወደ ስዊስ ሄዶ በ1928 ቡዲ ከተባለች ውሻው ጋር ወደ አሜሪካ ተመለሰ። በማግሥቱ ዓመት ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

የመሪ ውሻ ከፍተኛው ትምህርት አለመታዘዝ ነው። ጌታው «ሂድ» ቢለውም፥ መኪና ሲመጣ ካየ ንቅንቅ አይልም።

ኦቲዝምን በሚመለከት፥ ሐኪሙ ሌኦ ካነር በ1943 የ11 ልጆችን ጠባይ ገልጸው በአሜሪካ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አንዳንድ ሊቃውንት ጥፋቱን በእናቶች ላይ ጣሉ፤ እናቲቱ ፍቅር ስለ ነፈገችው ልጁ እንዲህ ሆነ አሉ። ፍርዱ ሐሰት መሆኑ ኋላ ታወቀ፤ እስከዚያ ድረስ ግን ስንት እናት አልቅሳበት ይሆን! በ1962 ደግሞ የሥነ ልቡና ሊቅ ቦሪስ ሌቪንሰን፥ ከሰው ርቆ የነበረ አንድ ልጅ ጂንግልስ ከተባለው ውሻቸው ጋር መጫወት እንደ ጀመረ ጻፉ። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቻቸው ቢስቁባቸውም አሳቡ አልጠፋም።

ኦቲዝም ላላቸው ልጆች ውሾችን ማሠልጠን የተጀመረው በካናዳ በ1996 በተቋቋመ አንድ ድርጅት ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ አደጋን ሳያስተውሉ በድንገት ወደ መንገድ ወይም ወደ ውኃ ይሮጣሉ፤ ስለዚህ ወላጆቻቸው ገበያ መውጣት ይፈራሉ፥ ሌሊትም በሰላም አይተኙም። እዚህ ላይ የቀድሞው ትምህርት ተገለበጠ። ልጁ በመታጠቂያ ከውሻው ጋር ይያያዛል፤ ትእዛዝ የሚሰጠው ግን ወላጁ ነው። ልጁ ሊሮጥ ሲል ውሻው እግሩን ተክሎ ይቆማል። የዓይነ ስውሩ ውሻ ጌታው ወደ ወደደው ይመራው ነበር፤ ይህኛው ግን ልጁን ከወደደው ይመልሰዋል። ልጁን ከውሻ ጋር ማሰር ይገባልን? በዚህ ነገር አሠልጣኞች ራሳቸው አይስማሙም፤ እኔ ግን ልጇ ወደ መኪና ሲሮጥ ያየችን እናት ለመውቀስ አልደፍርም።

በ2008 በካናዳ 10 ቤተ ሰቦችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች፥ ወላጆች ያለ ሥጋት መውጣትና መተኛት እንደ ቻሉ ጻፉ፤ ውሻውም ዕረፍትና ጨዋታ እንዲያገኝ አሳሰቡ። በ2010 ደግሞ ሌሎች የ42 ልጆችን ምራቅ መርምረው፥ ሰውነት በጭንቀት ጊዜ የሚያመነጨውን ኮርቲሶል ለኩ። ልጆቹ ጧት ከነቁ በኋላ ኮርቲሶሉ ውሻ ከመምጣቱ በፊት በ58 በመቶ ይጨምር ነበር፤ ከውሻው ጋር ሳሉ ጭማሪው 10 በመቶ ብቻ ሆነ። ውሻው ለጥቂት ጊዜ ከቤት ሲወሰድ ወደ 48 በመቶ ተመለሰ።