የወርድ ጉብጠት
«የወርድ ጉብጠት» የስስ ጣውላ የግራና የቀኝ ጠርዞች ወደ አንዱ ገጽ ተነስተው መካከሉ ሲሰረጉድ ለሚታየው የቅርጽ ለውጥ የቀረበ ስያሜ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ «ካፒንግ» የሚባለውን ይተካል። ጣውላ «ተጣመመ» ወይም «ተወላገደ» ሲባል ይህም፣ በቁመት መጉበጡም፣ መጠምዘዙም በአንድነት ስለሚጠቃለሉና የየራሳቸው መንስኤ ስላላቸው፣ አቅጣጫውን የሚናገር ስም ይመረጣል።

እንጨት ከአካባቢው አየር ጋር እስኪመጣጠን ድረስ ውሃ ይስባል ወይም ይለቃል፤ የሚረጋበት መጠን «የእርጥበት ሚዛን» ሊባል ይችላል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን ሚዛኑ ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት 9 በመቶ ገደማ ነው፤ አንጻራዊ እርጥበቱ 80 በመቶ ሲደርስ ግን ወደ 16 በመቶ ይጠጋል። ውሃው ሲወጣ እንጨቱ በቁመቱ እምብዛም አይኮማተርም፤ የዓመት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚኮማተረው ግን ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ከሚኮማተረው በአብዛኛው እጥፍ ያህል ነው። በዚህም የተነሳ ከግንዱ እምብርት ርቆ የተሰነጠቀ ጣውላ ሲደርቅ ጠርዞቹ ወደ ቅርፊቱ በኩል ይነሳሉ፤ ቀለበቶቹ ለገጹ ቀጥ ብለው የቆሙበት ጣውላ፣ ዋጋው ቢወደድም፣ ዝርግነቱን ይጠብቃል።

በስስ ጣውላ ላይ ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን የሁለቱ ገጾች የእርጥበት ልዩነት ነው። በመላጊያ ተልጎ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ያደረ ጣውላ አየር የሚያገኘው በላይኛው ገጹ ብቻ በመሆኑ፣ አየሩ ደረቅ ከሆነ ያ ገጽ ብቻውን ይኮማተርና ጠርዞቹን ወደ ላይ ይስባል፤ ወፍራም ሳንቃ የሚቋቋመውን ይህን ኃይል ስሱ አይችለውም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ «ሞና ሊዛ»ን የሳለበት፣ ውፍረቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ የፖፕላር ሳንቃ እንኳ ጎብጦ ይገኛል፤ ከፊት በቀለም የተሸፈነ፣ ከኋላ ግን የተራቆተ እንጨት ለዚህ የተጋለጠ ነውና።

በገጾች ልዩነት ብቻ የጎበጠ ጣውላ የተሰረጎደው ገጹ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ተደፍቶ ቢያድር ብዙውን ጊዜ ይቃናል፤ ከቀለበቶቹ አቀማመጥ የመጣው ጉብጠት ግን በዚህ መንገድ ቢቃናም እንጨቱ መልሶ ሲደርቅ ይመለሳል። ከሥራ በፊት በጣውላዎች መካከል ቀጫጭን እንጨት ጣልቃ እያስገቡ መደርደር፣ ቫርኒሽም ሲቀባ ሁለቱንም ገጽ እኩል መቀባት ያስፈልጋል። ለበርና ለቁም ሣጥን ደግሞ ስሱ ጣውላ በፍሬሙ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ይገባል፤ ፍሬሙ ዝርግ አድርጎ ሲይዘው፣ ቦዩ በወርዱ እንዲሰፋና እንዲጠብ ቦታ ይተውለታል።