የሊማሊሞ አቀበትና የዳሽቦርድ አመልካች መብራት

ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ በሊማሊሞ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የተሠራ ነው። ይህን በር የያዘ ሁሉ ከሰሜን ወደ ጎንደር የሚያስገባውን መንገድ ይይዝ ነበርና፣ በወልከፊት የመሸገው የጣሊያን ጦር እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስ እጁን አልሰጠም። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ መንገዱ የነጋዴና የመንገደኛ ሆነ። ከአሥመራ በኩል የመጣ ካሚዮን ድብ ባሕርን ለቆ ሽቅብ መጠምዘዝ ሲጀምር፣ ዋናው ሥጋት የራዲያተሩ ውሃ መፍላት ነበር።

የውሃውን ሙቀት ለሾፌሩ የማሳወቅ ጥበብ የራሱ ታሪክ አለው። ቦይስ የተባለው አሜሪካዊ የፈጠራ መብት ያገኘበት የሙቀት መለኪያ በራዲያተሩ ክዳን ላይ የሚተከል ሲሆን፣ ሾፌሩ በመስተዋቱ አሻግሮ ያነበው ነበር። ቀጥሎ መለኪያው ከነቀስቱ ወደ ዳሽቦርዱ ገባ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ሐድሰን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ለዘይትና ለዲናሞ በመለኪያ ፈንታ አመልካች መብራት አቀረበ። ይህ ልማድ ተስፋፍቶ በሀገራችን እጅግ በተለመደችው ቮልስዋገንም ላይ ታየ። ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑና ማራገቢያው ከዲናሞው ዘንግ ጋር ስለሚዞር፣ ቺንጋው ሲበጠስ የምትበራው አንዲት ቀይ መብራት የዲናሞውንም የማቀዝቀዣውንም መቆም በአንድ ጊዜ ታስታውቃለች።

ዛሬ እንደ ቅርስ የሚጠበቁ በውሃ የሚቀዘቅዙ አሮጌ መኪናዎች ባለቤቶች፣ የሙቀት አመልካች መብራት እንዲጨመርላቸው ባለሙያን ይጠይቃሉ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ በሞተሩ የውሃ መተላለፊያ ላይ የሙቀት ማብሪያ ይገጠማል፣ ከፊውዝ የተነሣ ሽቦ በአምፑሉ አልፎ ወደ ማብሪያው ይደርሳል፣ ውሃው ከተወሰነው ሙቀት ሲያልፍ ማብሪያው መሥመሩን ከሞተሩ አካል ጋር አገናኝቶ መብራቱን ያበራል። ነገር ግን በስሜን ግርጌ ይህ ሥራ አንድ የተሰወረ አደጋ አለው።

ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍታ በየ300 ሜትሩ በጨመረ ቁጥር መፍያው 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከ2,800 ሜትር በላይ በምትገኘው በደባርቅ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። አየር የማያስወጣ፣ ግፊት የሚይዝ ክዳን ላላቸው መኪናዎች የተሠራ ማብሪያ ግን ብዙውን ጊዜ ከ100 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይበራም። ይህን ማብሪያ ክዳኑ ግፊት በማይዝ አሮጌ መኪና ላይ ብንገጥመው፣ ውሃው ፈልቶ እየፈሰሰ መብራቱ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ውሃው ከጎደለ በኋላ ደግሞ ማብሪያው በእንፋሎት መካከል ስለሚንጠለጠል የሞተሩን እውነተኛ ሙቀት አያገኝም። ቴስታታው ሲጣመም፣ ጓርኒሲዮኑም ሲቃጠል፣ ሾፌሩ በመብራቱ ዝምታ ተማምኖ ማርሽ እየቀየረ ይወጣል። መብራት ያልነበረው የጥንቱ ሾፌር ግን ሽታውንና ድምፁን ይከታተል ነበር፤ ጥርጣሬውም ይጠብቀው ነበር።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ማብሪያውን ከመግጠም በፊት ከሙቀት መለኪያ ጋር በድስት ውሃ ውስጥ አስገብቶ፣ በባትሪና በአምፑል አያይዞ ማሞቅ ነው፤ የሽቦው መያያዣ ግን ከውሃው በላይ ይሁን። ይህን ፈተና በደባርቅ የሚያደርግ ሰው ከፍታውን መቁጠር አያስፈልገውም፤ ድስቱ ራሱ ይነግረዋል። ውሃው ፈልቶ አምፑሉ ካልበራ፣ ያ ማብሪያ ግፊት ለማይዝ ራዲያተር አይሆንም። የሚመረጠው ቴርሞስታቱ ከሚከፍትበት በላይ፣ ውሃው ከሚፈላበት ጥቂት ዲግሪ በታች የሚያበራው ነው። ክዳኑ ግፊት የሚይዝ ቢሆንም እንኳ ጎማው ካረጀ ውሃው ወደ 90 ዲግሪው መፍያ እንደሚመለስ መዘንጋት አይገባም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ አምፑሉን ይመለከታል። የዘይት መብራት ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲከፈት ስለሚበራ ደኅንነቱ በየዕለቱ ይታያል። የሙቀት መብራት ግን በደኅና ጊዜ አይበራምና፣ ደኅና የሆነውና የተቃጠለው አምፑል አይለዩም። ስለዚህ የማብሪያውን ሽቦ ለአፍታ ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኝ አንድ መሞከሪያ ቁልፍ መጨመር ይገባል። መብራቱም የጥንቱን ዳሽቦርድ ሳይበሱ ከሥሩ በትንሽ ማቀፊያ ቢንጠለጠል የመኪናው ታሪካዊ መልክ አይበላሽም።

ፋብሪካው መኪናውን ሲሠራ የሊማሊሞን አቀበት አላሰበም፤ ያንን ማሰብ የእኛ የባለሙያዎቹ ድርሻ ነው። ያልተፈተነ መብራት መግጠም ሾፌሩን ከጥርጣሬው አላቅቆ ለአደጋ መስጠት ስለሆነ፣ ከዚህ ይልቅ ምንም አለመግጠም ይሻላል።