ከሙሽራው መኪና ፊት ያለው ካሜራ

በጥርና በሚያዝያ የሰርግ አጀብ ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ ሲወርድ ቱሉ ዲምቱ ላይ ይጠጋጋል። ካሜራማኑ ከሙሽሮቹ ቀድማ በምትሄደው መኪና የኋላውን በር አስከፍቶ፣ ክርኑን ከጎድኑ አጣብቆ ይቀርጻል። በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዳማ ፍጥነት መንገድ መነሻው እዚሁ ነው፤ ስለዚህ የሚፈልገውን ሁሉ ከክፍያ ጣቢያው በፊት ማንሳት አለበት።

የድሮ የሰርግ ካሴት ያየ ሰው የምስሉን መርገብገብ አይረሳውም። በትከሻ የሚያዘው ትልቁ ካሜራ ክብደቱ ራሱ ያረጋጋው ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካሜራው እያነሰ መዳፍ ውስጥ ሲገባ ችግሩ ባሰ። የሙሽራዋን ፊት በዙም ሲያቀርቡት ደግሞ ለዓይን የማይታየው የእጅ ንዝረት አብሮ ይገዝፋል። ጋሬት ብራውን የተባለ አሜሪካዊ በ1970ዎቹ የሠራው ስቴዲካም ለሆሊውድ መፍትሔ ሆነ፤ ሰውነት ላይ የሚታጠቅ ከባድ መሣሪያ ስለሆነ ግን ለሰርግ ቤት የሚሆን አልነበረም።

መፍትሔው ከመኪና ጋር የተያያዘ መሆኑ ይገርመኛል። የማትሱሺታ (የዛሬው ፓናሶኒክ) ተመራማሪ ሚትሱአኪ ኦሺማ ለመኪና መንገድ ጠቋሚ የሚሆን ጋይሮስኮፕ ላይ ይሠራ ነበር። በ1982 ሃዋይ ለዕረፍት ሄዶ ጓደኛው ከመኪና ውስጥ ሲቀርጽ ካሜራው ሲንቀጠቀጥ አየ። ንዝረቱ መዞር ከሆነ፣ መዞርን የሚለካው የእሱ ጋይሮስኮፕ ሊይዘው ይችላል ማለት ነው። በ1988 ፒቪ-460 የተባለው የፓናሶኒክ ካሜራ ይህን ይዞ ገበያ ወጣ፤ በእኛ 1980 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የካኖን ፕሪዝም ብልሃቱ ያስደንቃል። ሁለት ስስ መስታወቶች እንደ ወናፍ በሚተጣጠፍ ነገር ተያይዘው በመካከላቸው ፈሳሽ ይሞላል። እጅ ወደ ታች ሲል ጋይሮው ይለካል፣ ሞተሩ መስታወቱን ያዘነብላል፣ ብርሃኑም ታጥፎ ወደ ቦታው ይመለሳል። በ1995 የወጣው የሶኒ ቪኤክስ1000 በፕሪዝም የሚሠራ ማረጋጊያ ነበረው፤ በ1997 የወጣው የካኖን ኤክስኤል1ም እንዲሁ። በኤሌክትሮኒክስ ብቻ የሚያረጋጉት የዚያን ጊዜ ካሜራዎች የምስሉን ጠርዝ ቆርጠው ጥራቱን ይቀንሱ ነበር፤ በመስታወት የሚሠራው ግን ምስሉን ሙሉውን ይተዋል።

ቢሆንም የሚያረጋጋው የእጅን ንዝረት እንጂ የመኪናን ዝላይ አይደለም። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ምስሉ አብሮ ይዘላል። ካሜራማኑ ሆን ብሎ ካሜራውን ቀስ አድርጎ ሲያዞርም መሣሪያው እንደ ንዝረት ቆጥሮ ምስሉን ሊይዝበት፣ ከዚያ በድንገት ሊለቀው ይችላል። ለዚህ ነው ጥሩ ባለሙያ ያለ ማረጋጊያ መቅረጽን አስቀድሞ የሚለማመደው፦ ትንፋሽን መያዝ፣ ጉልበትን አላልቶ መራመድ፣ ከዙም ይልቅ ቀረብ ብሎ ማንሳት። አጀቡ አዳራሽ ደርሶ ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሲወጣ ደግሞ ማረጋጊያውን ያጠፋዋል፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች የሌለ ንዝረት ፈልገው ምስሉን ራሳቸው ያንሸራትቱታልና።