ሙያ የለወጡ ሠዓሊዎችና የጣና ዳር ውርስ

ከአንበሳሜ ተነሥቶ የደራን መሬት ወደ ምዕራብ ያቋረጠ ሰው ጣና ዳር ይደርሳል። በሐይቁ ካሉት ገዳማት አንዱ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው፤ እዚያ የሚገኝ አንድ የእመቤታችን ሥዕል ላይ የሠዓሊው ስም ተጽፎበታል። ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን ይባላል፤ የሠራውም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ሥዕል ታሪካችን አዘውትሮ የሚነገረውን ነገር ይፈትነዋል። እንደሚነገረው ከሆነ የጥንቱ ሠዓሊ ስም የለሽ ገልባጭ ነበር፤ የራሱ መንገድ ያለው ሠዓሊ የተገኘው ወጣቶቻችን ባሕር ማዶ ተምረው ሲመለሱ ነው። እኔ ግን የራስ መንገድ ከጥንትም ነበረ እላለሁ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አዲስ የሆነው፣ አንድ ሰው የተሰጠውን ሙያ ትቶ በዚያ መንገድ ለመኖር መቻሉ ነው። ወደ ሥዕል ከተሻገሩትም መካከል ጎልተው የወጡት የቀድሞ ዕውቀታቸውን ይዘው የተሻገሩት ናቸው።

በቀድሞው ሥርዓት ሥዕል ብዙውን ጊዜ የቤተ ክህነት ሰው ተጨማሪ ሙያ ነበር። ካህኑ ወይም ደብተራው ቁም ጽሕፈት ይጽፋል፣ ብራና ይፍቃል፣ ቀለም ይበጠብጣል፣ ክታብ ላይ ጥልሰም ያወርዳል፤ ሲታዘዝም መቅደስ ይሥላል። የሚያዘው ንጉሥ፣ መኳንንት ወይም ደብሩ ነው። ደቅ ደሴት ላይ ባለው ናርጋ ሥላሴ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለው ይታያሉ። መልኩ በግድግዳ ላይ የሚቀረው የከፋዩ ነበር ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ትሕትናን ስለሚያዝ ስምን መጻፍም ሆነ የራስን መንገድ መፈለግ እንደ ትዕቢት ይቆጠር ነበር የሚል ይኖራል። ነገር ግን ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈው ራሱን ኃጢአተኛ ብሎ ነው፤ ትሕትናውና ስሙ አብረው ተቀምጠዋል። ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ቅኔ ነው። የበጌምድር ተማሪ ዐባይን ተሻግሮ ጎጃም የሚወርድበት የቅኔ ቤት ለዜማው ልክ፣ ለቤቱ ቁጥር፣ ለሰዋስውም ጥብቅ ሕግ አለው፤ ሆኖም ተማሪው የሌላውን ቅኔ ደግሞ ቢያቀርብ ተቀኘ አይባልም። በየዕለቱ አዲስ መቁጠር አለበት። ሕግን አጥብቆ ከግለሰቡ አዲስ ነገር የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ያለው አገር፣ ግላዊነትን ከውጭ ተማረ ማለት አይቻልም።

ነገሩ የተለወጠው ከፋዩ ሲለወጥ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ አገር ሰው ሲበዛ፣ እንደ በላቸው ይመር ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክና የዐድዋን ጦርነት በሸራ ላይ እየሣሉ ለገበያ አቀረቡ። ሠዓሊው ከደብር ውጪ መኖር ቻለ። ገበያው ግን ነጻነትን ብቻ አላመጣም። ገዢው የሚፈልገው ያንኑ የሳባን ታሪክ በመሆኑ፣ በ44 ክፍል እየተሣለ የሚሸጠው ሸራ ከማንኛውም መቅደስ የበለጠ ግልበጣን አበረታታ። ስለዚህ ሙያ መለወጥ ብቻውን የራስ መንገድ አይሰጥም፤ ጌታን በጌታ መተካትም ይሆናል።

ልዩነቱን የሚያሳዩ ሦስት ሰዎች አሉ። ቄስ አዳሙ ተስፋው ከቢቸና አካባቢ ናቸው፤ ክህነቱን ትተው አዲስ አበባ ገቡና በሥዕል ኖሩ። የገበያውን ሥዕል ሠርተዋል፤ ግን የመቅደሱን አሣሣል ወደ ጠጅ ቤት፣ ወደ ገበያና ወደ ሽፍታ ታሪክ አዞሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ሎስ አንጀለስ የሚገኘው ፎውለር ሙዚየም ሥራቸውን ብቻ የያዘ ዐውደ ርእይ አሳየ። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ ወደ ሥዕል ዞረ፤ ከተመረቀም በኋላ ሎንዶን፣ ፓሪስና ቫቲካን ያሉ የኢትዮጵያን የብራና ሥዕሎች አጠና። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ የእርሻ ትምህርቱን አቋርጦ ሥዕል ሊማር ኮሎኝ ገባ። ረቂቅ ሥዕሎቹ የፈረንጅ ኩረጃ ተብለው ተነቅፈዋል፤ ነገር ግን የካህኑ የአለቃ ደስታ ነገዎ ልጅ ስቅለትን በቀይ ቀለም የሣለበትን «ጎልጎታ»ን ያየ ሰው፣ ሠዓሊው ከየት ቤት እንደወጣ አይጠፋውም።

አፈወርቅና ገብረ ክርስቶስ የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኙ ናቸው፤ ለጣና ዳሩ የፎገራ ሩዝ አምራች ልጅ ምን ይጠቅመዋል? የሚል ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። እውነት ነው፣ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው አዲስ አበባ ነው፤ ከደራና ከፎገራ ሩቅ ነው። ቄስ አዳሙ ግን እዚያም ሆነ ባሕር ማዶ አልተላኩም፤ ስንቃቸው ከቤተ ክህነት ያገኙት ዕውቀት ነበር። ያ ዕውቀት በአንበሳሜና በወረታ ዙሪያ ዛሬም አለ። ስለዚህ ጥያቄዬ ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያትና ለወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤቶች ነው፤ ሥዕል ያለበት መቅደስ ሁሉ ማን እንደሣለው፣ መቼ እንደሣለውና ከማን እንደተማረ አባቶች በሕይወት ሳሉ ይመዝገብ። ለሠዓሊም ሲከፈል «እንደዚያኛው አድርገህ ሣል» ማለት ይቅር።