ፊደል ከምድጃ ዳር ይጀምራል

የዛሬው ንግግራችን ስለ ልጆች አፍ መፍታትና ስለ ፊደል መቁጠር ነው። ልጅ ማንበብ የሚጀምረው መቼ ነው ብንላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ «ትምህርት ቤት ሲገባ ነዋ!» ትሉን ይሆናል። እስቲ ወደ ጎጃም ደጋ፣ ወደ ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ እንውጣና ታሪኩ ምን እንደሚል እንመልከት።

ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር ትባል በነበረበት ዘመን፣ በዚያ አገር የልጆች ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነበር። ልጁ የፊደል ገበታውን ይዞ፣ በስንደዶ እያመለከተ፣ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ በዜማ ይቆጥራል። 33ቱ ፊደል እያንዳንዱ በሰባት ሲረባ 231 ይሆናል። ይህን ሁሉ በቃሉ የያዘ ልጅ ግን መልኩን ላይለይ ይችላል፤ ዜማው ይመራዋልና። የጥንት መምህራን ይህን ነቅተውበታል። ስለዚህ የኔታ «አ ቡ ጊ ዳ» በሚለው ገበታ ተራውን ያፈርሱበታል። ልጁ በዜማ ሲነዳ እንደ ነበረና በዓይኑ እንደ ለየ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ይህ ታላቅ የማስተማር ዘዴ ነው፤ ልናከብረው ይገባል።

አንድ ችግር ግን ነበረበት። ልጁ የሚያነበው ግእዝ ነው፤ እናቱ የምታናግረው በአማርኛ ነው። ዳዊት እስኪደግም ድረስ ከአፉ የሚወጣውን ቃል ትርጉም ብዙውን ጊዜ አያውቀውም። ምስጢሩ የሚገለጥለት እንደ ዲማ ጊዮርጊስና እንደ ዋሸራ ባሉት ስመ ጥር የቅኔ ጉባኤዎች ዘልቆ ሰዋስው የተማረ እንደ ሆነ ነው። ለዚያ የሚበቁት ጥቂቶች ነበሩ። ሴቶች ልጆችማ አብዛኞቹ ከገበታውም አልደረሱ።

ማታ ማታ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ እሱም ምድጃ ዳር ነው። በዚያ አስተማሪዋ ፊደል ያልቆጠረች አያት ናት። «ተረት ተረት» ስትል ልጆቹ ይቀበሏታል። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይላሉ፤ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል። እዚህ ልጅ ማድመጥን፣ ነገርን ከመነሻ እስከ መድረሻ መያዝን፣ አንድ ነገር በሌላ ሊመሰል እንደሚችል ይማራል። በ1902 ዓ.ም. በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ያደጉት በእነዚህ በሁለቱም ትምህርት ቤቶች አገር ነው። ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተነሥተው ደራሲ ሆኑ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። የምድጃ ዳሩ ወግ በፊደል ሰፈረ ማለት ነው።

ምድጃ ዳር የተማረው ለንባብ ምን ይረዳዋል? የሚል ካለ፣ ይህችን ያንብብልን፦ «ገና ገና ነው።» በጽሑፍ ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው። ስንናገር ግን በዓሉን «ና»ውን አጥብቀን፣ ሌላውን አላልተን እንጠራለን። «አለ»ም እንዲሁ ነው፤ ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ይሆናል። ፊደላችን መጥበቁንና መላላቱን አያሳይም። ይህን የሚያሟላው የአንባቢው ጆሮ ነው። እንግዲህ ቃሉን አስቀድሞ በአፉ ያላወቀ ልጅ፣ ፊደሉን ሁሉ ቢለይም ንባቡ ይሰናከልበታል።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ እናቶችና አባቶች መጀመሪያ ጊዜ ደብተር ያዙ። ትምህርቱም ደረጃ በደረጃ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ሰው በሚናገረው ቋንቋ ቢማር ይቀለዋል ተብሎ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻቸው እንዲማሩ ወሰነ። ይሁን እንጂ በ2002 ዓ.ም. በየክልሉ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች በአፍ መፍቻቸው እንዲያነቡ ሲፈተኑ፣ ሁለት ዓመት ተምረው አንድ ቃል እንኳ ማንበብ ያቃታቸው ብዙዎች ሆነው ተገኙ። ትምህርት ቤት መገንባቱ ብቻውን አልበቃም። የመጽሐፍ እጥረቱና የክፍሉ መጨናነቅ እንዳለ ሆኖ፣ ቤትም የራሱ ድርሻ አለው።

ታዲያ ከእናንተ ምን ይጠበቃል? ገንዘብ አይጠይቅም። እንጀራ ስትጋግሩ፣ ከብት ስታግዱ፣ ውሃ ስትቀዱ ልጁን አነጋግሩት፤ የያዛችሁትን ነገር ስሙን ንገሩት። ሲጠይቅ «ዝም በል፣ የትልቅ ሰው ነገር ነው» አትበሉት፤ መልሱለት። በስሕተት ቢናገር አትሣቁበት፤ እናንተ አቅንታችሁ ድገሙለት። «መሶብ»ን «መ—ሶ—ብ» እያላችሁ በጭብጨባ ከፋፍሉለት፤ «በ‹መ› የሚጀምር ሌላ ምን አለ?» ብላችሁ አጫውቱት። ማታ ተረቱን ካወጋችሁ በኋላ እሱ መልሶ ያውጋችሁ። ሴት ልጃችሁንም እንዲሁ።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ሁለት ዓመት ሞልቶት «እማ ነይ»፣ «ውሃ ስጪኝ» እንደ ማለት ያለ ሁለት ቃል የማያጋጥም፣ ወይም ሲጠሩት ዞር የማይል ልጅ ካለ «አፉ ዘግይቶ ይፈታል» ብላችሁ አትተዉት። ጆሮው መግል የሚያወጣም እንደ ሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ያልሰማ ጆሮ ቃል አይዝም።

የጎጃም ደጋ ታሪክ የሚያስተምረን ይህን ነው። የኔታ ዓይንን አስተማሩ፤ አያት ጆሮንና አፍን አስተማረች። ልጅ አንባቢ የሚሆነው ሁለቱ ሲገናኙለት ነው። ፊደል የቆጠራችሁ መጽሐፍ አንብቡለት፤ ያልቆጠራችሁ ተረት ንገሩት። ዛሬ ማታ ጀምሩ።