ግዙፉ የታዝማኒያ ክሬይፊሽ፦ መኖሪያው፣ ሥርጭቱና የጥበቃው ሁኔታ

በሳይንሳዊ መጠሪያው አስታኮፕሲስ ጎልዲ የሚባለው ግዙፉ የታዝማኒያ ክሬይፊሽ፣ ጨው አልባ በሆነ ውሃ ውስጥ ከሚኖሩ የዓለማችን አከርካሪ አልባ እንስሳት ሁሉ ትልቁ ነው። ክሬይፊሽ የሸርጣንና የሎብስተር ዘመድ ሲሆን፣ ገላው በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነና ሁለት ትልልቅ መቆንጠጫዎች ያሉት እንስሳ ነው። በአፍሪካ ዋና ምድር አገር በቀል የክሬይፊሽ ዝርያ የለም፤ በማዳጋስካር ግን ይገኛል።

ቀደም ባሉት ዘመናት እስከ 6 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ክሬይፊሾች በታዝማኒያ ወንዞች ይያዙ እንደነበር ተዘግቧል። ዛሬ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም የሚመዝነው እንኳ እንደ ትልቅ ይቆጠራል።

መኖሪያና ሥርጭት

ዝርያው በአውስትራሊያዋ የታዝማኒያ ደሴት ብቻ የሚኖር ነው። የተፈጥሮ ክልሉ ከታማር ተፋሰስ በስተቀር ወደ ባስ ሰርጥ የሚፈሱትን የሰሜን ወንዞችና በሰሜን ምዕራብ የሚገኘውን የአርተር ወንዝ ተፋሰስ ያጠቃልላል። በአብዛኛው የሚገኘውም ከባሕር ወለል በላይ ከ400 ሜትር በታች በሆኑ ሥፍራዎች ነው።

የሚስማማው በዛፎች የተጠለለ፣ ንጹሕና ኦክስጅን የበዛበት ውሃ ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ ባይበልጥ ይመረጣል። ትልልቆቹ በጥልቅ ኩሬዎችና በወደቁ ግንዶች ሥር ይጠለላሉ፤ ግልገሎቹ ደግሞ ጥልቀት በሌላቸው ጅረቶች በድንጋይ መካከል ይደበቃሉ። ዋነኛ ምግባቸው የበሰበሰ እንጨትና ቅጠል ሲሆን፣ ዓሣና የሞቱ እንስሳትንም ይመገባሉ።

ቁጥሩ ለምን ቀነሰ?

ክሬይፊሹ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሊኖር ይችላል፤ ዕድገቱ ግን እጅግ አዝጋሚ ነው። ወንዱ ለመራባት የሚደርሰው 9 ዓመት ገደማ፣ ሴቷ ደግሞ 14 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። ሴቷ በየሁለት ዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ ትራባለች፤ እንቁላሎቿንና የተፈለፈሉትን ግልገሎችም ከጅራቷ ሥር ይዛ ለወራት ትቆያለች። ስለዚህ አንዲት ትልቅ እናት በተያዘች ጊዜ፣ የእርሷን ቦታ የምትተካው ለመራባት እስክትደርስ ከአሥር ዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ይላል።

ሁለተኛው አደጋ ከወንዙ ዳር የሚመጣ ነው። ለእንጨት ምርትና ለእርሻ ሲባል ደን ሲመነጠር ጥላው ይጠፋል፤ ውሃው ይሞቃል። በዝናብ የታጠበው ደለልም ግልገሎቹ የሚሸሸጉባቸውን የድንጋይ ክፍተቶች ይደፍናል።

የጥበቃ ሁኔታ

ዝርያውን ያለ ፈቃድ ማጥመድ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ሆኖም ሕገ ወጥ አጥማጆች ዛሬም ሥጋት ናቸው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በመጥፋት አደጋ ላይ ከሚገኙ ዝርያዎች መድቦታል። የአውስትራሊያ ፌዴራል ሕግ ደግሞ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ፣ ለአደጋ የተጋለጠ ሲል መዝግቦታል።

የማጥመድ ክልከላው ክሬይፊሹን ከአጥማጅ እጅ ቢያድነውም ከደለል አያድነውም። የዝርያው ህልውና የሚጸናው በወንዞች ዳር ያሉት ዛፎች ሳይቆረጡ ሲቆዩ፣ ከብቶችም ወደ ጅረቶቹ እንዳይገቡ ዳርቻዎቹ ሲታጠሩ ነው።