የነባር ቤት የመዋቅር ምርመራ
የመዋቅር ምርመራ በዕድሜ የገፋ ቤት ከመገዛቱ በፊት የመሠረቱን፣ የግድግዳውንና የጣሪያውን ሁኔታ የግንባታ መሐንዲስ አጥንቶ ለገዢው በጽሑፍ የሚያቀርብበት የሙያ ሥራ ሲሆን፣ የይዞታ ካርታን ማጣራት ፈጽሞ አይተካውም። በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች በብዛት በሚታዩት፣ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገራቸው ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ተመርጎ በቆርቆሮ በተከደኑት ቤቶች፣ ከሁሉ አስቀድሞ መፈተሽ ያለበት የቋሚው እግር ነው፤ ከመሬት የሚወጣው እርጥበትና ምስጥ እንጨቱን ከውስጥ ሲጨርሱት ልስኑና ቀለሙ ጉዳቱን ሊሸሽጉት ስለሚችሉ፣ ለሽያጭ ሲባል በቅርቡ የተቀባ ግድግዳ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ቤቱ በመረሬ፣ ማለትም በክረምት ውሃ ጠጥቶ በሚያብጥና በበጋ ደርቆ በሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ የቆመ እንደሆነ፣ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የሚነሣ ስንጥቅ የመሠረት መንቀሳቀስን ሊያመለክት ይችላል።